የሸራ ዕድሜ በምን ይለካል?

ሸራ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። ጫፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ ውፍረቱን ያሻል፤ ከዚያም ውሃ ጠብ አድርጎ ይንከባለል እንደሆነ ያያል። ሸራው ወፍራም ከሆነና ጠብታው ክብ ሆኖ ከወረደ የዋጋ ንግግር ይጀመራል። ሁለቱ ፈተናዎች የሚናገሩት ነገር አለ፤ ዋናውን ግን አይናገሩም። ሸራው ፀሐይ ላይ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለውን ጥያቄ ጣትም ጠብታም አይመልሱትም።

ጥያቄው ዛሬ ከወትሮው ይልቅ ይከብዳል። በአሜሪካና በአውሮፓ የጀልባ ሽፋን፣ የበረንዳ ጥላ፣ የድንኳንና የጭነት መኪና ሸራ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት ውሃውን ሲያንከባልልላቸው የኖረውን ኬሚካል እየተዉ ነው። ለውጡ ወደ እኛም ገበያ መድረሱ አይቀርም፤ የምንጠቀምበት ሸራ በአመዛኙ ከውጭ የሚመጣ ነውና። ስለዚህ ሸራ ከምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚያረጅና አሁን ምን እየተለወጠበት እንዳለ ቀስ ብለን እንይ።

የመጀመሪያው ጠላት ፀሐይ ነው

ብዙዎቻችን ሸራን የምናስበው ከዝናብ ጋር ነው። አብዛኛውን ሸራ የሚገድለው ግን ዝናብ ሳይሆን ፀሐይ ነው። የክሩ ቃጫ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር እነዚህን ሰንሰለቶች ለመበጠስ የሚያስችል ጉልበት አለው። ሰንሰለቶቹ ባጠሩ ቁጥር ቃጫው ይደርቃል፣ መለጠጥ ያቅተዋል፣ በመጨረሻም በትንሽ ንፋስ ይተረተራል። ባለቤቱ “ንፋሱ ቀደደብኝ” ይላል፤ ንፋሱ ግን ፀሐይ የጀመረችውን ሥራ ከመጨረስ ያለፈ ነገር አላደረገም።

ይህ ለእኛ አገር ልዩ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የዚህ ጨረር መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከምድር ወገብም ብዙ ያልራቀች ከተማ ናት። ቀዝቃዛ አየሯ ያዘናጋናል እንጂ ጨረሯ ብርቱ ነው። በሰሜን አውሮፓ ወደብ አሥር ዓመት ያገለገለ ጨርቅ እዚህም አሥር ዓመት ያገለግላል ብሎ ማሰብ ያስከስራል።

ቃጫዎች ለፀሐይ ያላቸው አቅም እኩል አይደለም። የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ ያብጥና በድርና በማጉ መሃል ያለው ክፍተት ይዘጋል፤ በዚህ ምክንያት ለዘመናት የድንኳንና የመርከብ ሸራ ሆኖ ኖሯል። ድካሙ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ መሻገቱና መበስበሱ ነው። ናይለን ጠንካራና ተለጣጭ ስለሆነ ለገመድ ይመረጣል፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። በ1941 እ.ኤ.አ. ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ኬሚስቶች የፈጠሩት ፖሊስተር ብዙ ስለማይለጠጥ የመርከብ ሸራን ከጥጥ ተረከበ፤ የአብዛኛው የጭነት መኪና ሸራ አጥንትም እሱ ነው። ርካሹ ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ደግሞ ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። የጨረር መከላከያ ካልተጨመረበት ብዙም ሳይቆይ ወደ ፍርፋሪ ይለወጣል። የእርዳታ ድርጅቶች ለተፈናቃዮች መጠለያ የሚያድሉት ሸራም ከዚሁ ከፖሊኤትሊን ይሠራል፤ ሆኖም የጨረር መከላከያ እንዲኖረውና ይኸው በፈተና እንዲረጋገጥ የግዥ መስፈርቱ ያስገድዳል። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ላያቸው ላይ የማይታየው ነገር ነው።

ቀለሙ የት ነው ያለው?

በጀልባ ሽፋንና በበረንዳ ጥላ ዘርፍ ትልቁን ቦታ የያዘው አክሪሊክ ነው። በጉልበት ፖሊስተር ይበልጠዋል፤ ፀሐይን በመቋቋም ግን የሚስተካከሉት ጥቂት ናቸው። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ግሌን ሬቨን የተባለ የጨርቅ ኩባንያ በ1961 እ.ኤ.አ. ሰንብሬላ የተሰኘውን ጨርቁን ለገበያ ያቀረበው በየሱቁ ደጃፍ እየሻገተና እየነጣ ያስቸግር የነበረውን የጥጥ ጥላ ለመተካት ነበር። ጨርቁ ኋላ ወደ ጀልባ ተሻግሮ የዘርፉ መለኪያ ሆነ።

የዚህ ጨርቅ ዋና ብልሃት ቀለሙ የሚገባበት ጊዜ ነው። በተለመደው አሠራር ነጭ ክር ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ከዚያ ቀለም ውስጥ ይነከራል። በዚህኛው አሠራር ግን ቀለሙ የሚጨመረው ቃጫው ገና ፈሳሽ ሳለ፣ ወደ ክርነት ከመሳቡ በፊት ነው። ልዩነቱ እርድ ሊጡ ውስጥ ገብቶ በተቦካ ዳቦና ከተጋገረ በኋላ እርድ በተቀባ ዳቦ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የመጀመሪያውን የትም ብትቆርሰው ቢጫ ነው፣ ሁለተኛው ሲፋቅ ነጩ ይወጣል።

ይህን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ከሸራው ጠርዝ አንድ ክር መዝዛችሁ በስለታም ምላጭ አግድም ቁረጡትና የተቆረጠውን አፍ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ቀለሙ እስከ መሃል ከዘለቀ ከውስጥ የቀለመ ነው። ዙሪያው ቀልሞ መሃሉ ከነጣ ግን ቀለሙ ላይ ላዩን የተነከረ ነው፤ ፀሐይም የምትጀምረው ከላይ ነው።

የሚተነፍስና የማይተነፍስ

ሸራዎች ሁሉ በሁለት ቤተሰብ ይከፈላሉ። አንደኛው የሚተነፍስ ነው፤ በድርና በማጉ መሃል አየርና እንፋሎት ያልፋል፣ የዝናብ ጠብታ ግን ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ሁለት ገጹ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ አየርም ውሃም የማያሳልፍ ነው።

ጀልባ የሚተነፍሰውን ይወዳል። ጀልባው ውስጥ ሁልጊዜ እርጥበት አለ፤ በማይተነፍስ ሸራ ከታፈነ ማታ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይለወጥና መቀመጫው፣ እንጨቱና ገመዱ ይሻግታሉ። ለጀልባ የተለመደው የአክሪሊክ ሸራ በካሬ ሜትር 310 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በጣት ሲያሹት ስስ ነው። የጭነት መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከጅቡቲ ስንዴ ወይም ማዳበሪያ ጭኖ የሚወጣ መኪና ሰዓታት ሙሉ በንፋስ ግፊት የሚመጣ ዝናብ ይገጥመዋል፤ ለእሱ የሚሆነው ፒቪሲ በተባለ ፕላስቲክ የተለበጠ፣ በካሬ ሜትር ከ600 ግራም በላይ የሚመዝን የፖሊስተር ሸራ ነው። ስለዚህ “ወፍራሙ ይሻላል” የሚለው ደንብ ለመኪናው ሲሠራ ለጀልባው ይከሽፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚያደናግር ነገር አለ። ውሃ የሚያንከባልልና ውሃ የማያሳልፍ አንድ አይደሉም። ማንከባለል የጨርቁ ገጽ ከውሃ ጋር ያለው ጠባይ ነው፤ አለማሳለፍ ግን ውሃው ተጠራቅሞ ሲጫን የመቻል አቅም ነው። ሁለተኛው ላብራቶሪ ውስጥ ይለካል፦ ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ይቆምና ጠብታ ማሳለፍ ሲጀምር የዓምዱ ከፍታ በሚሊሜትር ይመዘገባል። ጠብታ በደንብ የሚያንከባልል ጨርቅ ውሃ ካቆረ ሊያፈስ ይችላል፤ ላዩ ረጥቦ የሚታይ የፒቪሲ ሸራ ደግሞ አንዲት ጠብታ ላያሳልፍ ይችላል።

እየተሰናበተ ያለው ኬሚካል

የሚተነፍሰው ጨርቅ ውሃ የሚያንከባልለው ክሮቹ በስሱ በተቀቡት የፍሎሪን ውህድ ምክንያት ነበር። ካርቦንና ፍሎሪን የሚፈጥሩት ትስስር በካርቦን ኬሚስትሪ ውስጥ ከጠነከሩት አንዱ ነው። ከእነዚህ ውህዶች የተሠራው ቅብ ውሃም ዘይትም አያስጠጋም፤ ጨርቁ ከዝናብ በተጨማሪ ከቅባት፣ ከናፍጣና ከቆሻሻ ይጠበቃል። እነዚህ ውህዶች በጥቅል ፒፋስ ይባላሉ፤ በቁጥር በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ችግሩ ከጥንካሬው ጋር አብሮ የመጣ ነው። በቀላሉ የማይበጠስ ትስስር ተፈጥሮም አትበጥሰውም። ከፋብሪካ ፍሳሽ፣ ከአሮጌ ጨርቅ፣ ከቆሻሻ መጣያ ወጥቶ ወንዝና የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሰው ደም። በዌስት ቨርጂንያ፣ በፓርከርስበርግ አካባቢ ያለ የቴፍሎን ፋብሪካ ፒኤፍኦኤ የተባለውን ውህድ ወደ አካባቢው ውሃ ሲለቅ ኖሮ፣ ፋብሪካውን በየተራ የያዙት ዱፖንትና ኬሞርስ የተባሉ ኩባንያዎች በ2017 እ.ኤ.አ. በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶችን በ670 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመቋጨት ተስማሙ። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ውህድ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ተርታ መደበው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነትም በ2019 እ.ኤ.አ. በሚወገዱ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር።

ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያ ያደረጉት ስምንት ካርቦን ያለውን ውህድ ስድስት ካርቦን ባለው መተካት ነበር። ያም ቢሆን ከቤተሰቡ አልወጣም። ቀጥሎ የመጣው የሕግ ግፊት ቤተሰቡን ሁሉ የሚነካ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሦስት ኤም የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በ2025 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ከፒፋስ ምርት ሙሉ በሙሉ እንደሚወጣ አስታወቀ። በካሊፎርንያ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረባቸው በርካታ የጨርቅ ዕቃዎች መሸጥ ተከለከለ። ሚኒሶታ በዚያው ወር በአሥራ አንድ የምርት ዓይነቶች ላይ ገደብ ጀመረች፤ በ2032 እ.ኤ.አ. ደግሞ አማራጭ ከታጣላቸው በስተቀር ሁሉንም ለመከልከል ወስናለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. ባለ ስድስት ካርቦኑን ውህድ የሚገድብ ደንብ አጽድቋል።

የካሊፎርንያ ሕግ የጀልባ ሽፋንን ነፃ አድርጎታል። ታዲያ የጀልባ ጨርቅ አምራቾች ለምን ይለወጣሉ? አንደኛ፣ የጀልባውን ሸራ የሚሸምነው ፋብሪካ የበረንዳ መቀመጫና የመስኮት መጋረጃ ጨርቅም ይሸምናል፤ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ቅብ ይዞ መሥራት ይከብደዋል። ሁለተኛ፣ ኬሚካሉን የሚያቀርቡት ድርጅቶች ራሳቸው እየወጡ ከሆነ ሕጉ ቢፈቅድም ዕቃው አይገኝም። አንድ ዘርፍ በሕግ ነፃ ሆኖ ሳለ በገበያ ሊገደድ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ተተኪው ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

አሁን የሚመጡት ቅቦች በሰም፣ በሲሊኮን ወይም ፍሎሪን በሌላቸው ሌሎች ውህዶች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ውሃን በማንከባለል በኩል ጥሩ ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ዘይትን መከልከል ላይ ግን አልደረሱም፤ የዘይት ጠባይ ከእነርሱ ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ይቀበሉታል። ስለዚህ አዲሱ ጨርቅ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የምግብ ዘይት ወይም ናፍጣ ሲነካው ከቀድሞው ቶሎ ይቆሽሻል። የቆሸሸ ቦታ ላይ ደግሞ ውሃው መንከባለሉን ይተውና ይሰርጋል፤ ሻጋታም የሚበቅለው በዋነኛነት ጨርቁ ላይ በተቀመጠው ቆሻሻ ላይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲሱን ሸራ ቶሎ ቶሎ፣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ሳሙናው እስኪጠፋ ማለቅለቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አለመጠቅለል ያስፈልጋል። የሳሙና ቅሪት ራሱ ውሃ ስለሚስብ ቅቡን ያከሽፋል። ጠብታው መንከባለል ሲተው ሸራው ሞተ ማለት አይደለም፤ ያለቀው ቅቡ ነው፣ ቅብ ደግሞ እንደገና ይቀባል። ቃጫው ደህና ከሆነ ሸራው ገና ዓመታት አሉት። ይህን ያልተረዳ ሰው በመጀመሪያው መስረግ ደህናውን ጨርቅ ጥሎ ሌላ ይገዛል።

ስለ ፍሎሪን ስንናገር ሁሉንም በአንድ ጅራፍ መምታትም አይገባም። በሚያዝያ 1997 እ.ኤ.አ. በሐጅ ወቅት በመካ አቅራቢያ ባለችው ሚና እሳት ተነሥቶ ወደ 70,000 የሚጠጉ ድንኳኖች ነደዱ፤ ከ340 በላይ ሐጃጆች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሳዑዲ መንግሥት የሚናን ድንኳኖች በቴፍሎን ከተለበጠ የመስታወት ቃጫ በተሠሩ፣ እሳት በማይቀጣጠልባቸው ድንኳኖች ተካ። ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ሐጃጆችም የሚያርፉት በእነዚህ ውስጥ ነው። በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የሐጅ ተርሚናልም በ210 ድንኳን መሰል ጣሪያዎቹ ላይ ይህንኑ ዓይነት ጨርቅ ተሸክሞ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያን ፀሐይ ችሎ ቆሟል። ቴፍሎንም ከዚያው የፍሎሪን ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አሁን ያለው ክርክር የሰው ሕይወት የሚያድነውንና የጀልባ ሽፋን ለማሳመር ብቻ የሚቀባውን እንዴት ለይተን እንያቸው የሚል ነው። እኔ መለየቱ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ በጥብቅ ቁጥጥር ይመረት፣ ምትክ ባለበት ቦታ ይቅር።

ሸራው ሳያልቅ የሚያልቀው ክር

ያረጀ ሸራ ስታገኙ ስፌቱን በቅርብ ተመልከቱት። ክሩ ከጨርቁ በላይ ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ ፀሐይ በቀጥታ ታገኘዋለች። በጥፍር ብትጭሩት ከላይ ያለው ይበናል፤ ከታች ያለው ግን ጨርቁ ስለጋረደው ገና ጠንካራ ነው። ጨርቁ ደህና ሆኖ ስፌቱ የተፈታበት ሸራ በየቦታው አለ። ጥሩ ባለሙያ ለውጭ ሥራ የጥጥ ክር አያስገባም፤ ጨረር የሚቋቋም የፖሊስተር ክር ይጠቀማል። በጀልባ ሥራ ከቴፍሎን ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ፣ ፀሐይ የማትበላው ክርም አለ፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ግን ሸራው እስኪያልቅ ዳግመኛ ስፌት አይጠይቅም።

የፒቪሲ ሸራ ከመሰፋት ይልቅ ቢበየድ ይሻላል። በሙቅ አየር ወይም 27.12 ሜጋኸርዝ በሆነ የሬዲዮ ሞገድ ሁለቱ ልባሶች ቀልጠው አንድ ይሆናሉ፤ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ስለማይኖር ውሃ የሚገባበት መንገድ የለም።

የፒቪሲ ምስጢር

ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ የሚታጠፍ ሸራ እንዲሆን አለስላሽ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ያ ፈሳሽ በፀሐይና በሙቀት ቀስ በቀስ እየወጣ ይሄዳል፤ ሸራው የሚደርቀውና በእጥፋቱ ላይ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ጥሩ አምራች ላዩን በመከላከያ ቅብ ይሸፍናል። ርካሽ አምራች ደግሞ ልባሱን በኖራ ድንጋይ ዱቄት ያከብደዋል፤ ሸራው ሲመዘን ከባድ፣ ሲያሹት ወፍራም ይሆናል፣ ጉልበቱ ግን አነስተኛ ነው። የሸራ ጉልበት ያለው ከውስጥ ባለው ሽመና ላይ ነው። የክሩ ውፍረት በዲቴክስ ይነገራል፤ 1,100 ዲቴክስ ሲባል 10,000 ሜትር ክር 1,100 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ለጭነት መኪና የተለመደው ይህ መጠን ነው።

ከገዢው አቅም የማያልፍ አንድ ፈተና አለ። ከናሙናው ቁራጭ ወስዶ የተቆረጠውን ጠርዝ ቀለም በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ አቁሞ ማሳደር ነው። ጠዋት ቀለሙ በሽመናው ውስጥ ሽቅብ ብዙ ከወጣ፣ ክሮቹ ውሃ እንዳይስቡ የሚያደርገው ሕክምና አልተደረገላቸውም። እንዲህ ያለው ሸራ በየጠርዙና በየቀዳዳው ውሃ እየሳበ ከውስጥ ይሻግታል፣ ልባሱም ይላቀቃል።

ሲያረጅስ? ፖሊስተሩና ፒቪሲው ተጣብቀው ስለሚኖሩ እነሱን መለያየት የዘርፉ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ጣሊያን ውስጥ በፌራራ ከተማ ቪኒሉፕ የተባለ ፋብሪካ ፒቪሲውን በፈሳሽ አሟሙቶ ለዓመታት መልሶ ሲጠቀምበት ነበር። ይሁንና በአሮጌው ፒቪሲ ውስጥ የነበረው አለስላሽ በአውሮፓ ሕግ በመገደቡና እሱን ለይቶ ማውጣት ባለመቻሉ በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ትምህርቱ ከባድ ነው፦ ዛሬ ሸራው ውስጥ የምንጨምረው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ሊደረግበት እንደሚችል ይወስናል። የተሻለ ዕድል የገጠማቸው አሮጌ ሸራዎችም አሉ፤ በዙሪክ ፍራይታግ የተባሉ ወንድማማቾች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገለገሉ የመኪና ሸራዎችን ቦርሳ እያደረጉ በዓለም ይሸጣሉ። በእኛም ከተሞች አሮጌ ሸራ የጉልት ጥላ፣ የእህል መሸፈኛ፣ የቤት ክዳን ይሆናል፤ ይህ ቁጠባ ሊከበር የሚገባው ነው።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

ድንኳን አከራይ፣ የመኪና ባለንብረት፣ በጣና ላይ ጀልባ ያለው ሰው፣ ወይም ለድርጅት የሚገዛ የግዥ ባለሙያ ሻጩን የሚከተለውን ይጠይቅ። ቃጫው ምንድን ነው? ቀለሙ ከውስጥ ነው ወይስ ተነክሮ? ሽመናው ስንት ዲቴክስ ነው? የጨረር ፈተና ውጤት አለው? ስፌቱ በምን ክር ነው፣ ወይስ ተበይዷል? የላዩ ቅብ ፒፋስ አለበት? ቅቡ ሲያልቅስ በምን ይታደሳል? የታወቁ አምራቾች ይህን ሁሉ በወረቀት አዘጋጅተው ያወጣሉ፤ አስመጪው ከጠየቀ ያገኘዋል። ገዢው ካልጠየቀ ግን አስመጪው የሚጠይቅበት ምክንያት የለም።

ዋጋውንም በዓመት ማካፈል ነው። አንዱ ሸራ 10,000 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት ቢቆይና ሌላው 20,000 ብር ተገዝቶ ስድስት ዓመት ቢቆይ፣ የመጀመሪያው በዓመት 5,000፣ ሁለተኛው ከ3,400 ብር በታች ያስወጣል። በመሃል የሚበላሸው ስንዴና ሰርግ ላይ የሚያፈሰው ድንኳን ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል።

ከውጭ የሚመጣው ሸራ ከእንግዲህ እንደ ቀድሞው ውሃ ላያንከባልል ይችላል። በጠብታ ብቻ የሚፈርድ ገዢ ጥሩውን አዲስ ጨርቅ ጥሎ፣ ሌላ አገር የከለከለውን ቅብ የተቀባ ተራፊ ዕቃ “ይሄ ነው ጥሩው” ብሎ ሊያነሣ ይችላል። አገራችን የሌሎች ተራፊ ማራገፊያ እንዳትሆን ከሁሉ በፊት የሚከላከላት ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ ገዢ ነው።